«ቅጠል አይጎዳም» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሞ እኔም ጋ ደረሰ። የላከችልኝ አክስቴ ናት። «አንብበው፣ ልክ ብሏል» የምትል ማስታወሻ አክላበታለች። አክስቴ ስኳር አለባት። ስለዚህ እንደ ሌላው ወሬ አይቼ ላልፈው አልቻልኩም።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው። ቅጠል የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም። አባቶቻችን ያለ ሐኪም ቤት መቶ ዓመት ኖረዋል። ከመቶ ሰማንያው ሕዝባችን በባህል መድኃኒት ስለሚታከም መሥራቱ ተረጋግጧል። የፋብሪካ ኪኒን የቅጠሉን ነፍስ ገድሎ የተሠራ ኬሚካል ነው። ፈረንጆች እንዶዳችንን ሰርቀውናል። እኛ ለተክል ልዩ ፍቅር ያለን ሕዝብ ነን፤ ስለዚህ ኪኒኑን ትተን ወደ ቅጠላችን እንመለስ።

መልስ የምጽፈው ቅጠል ጠልቼ አይደለም። ያደግሁት ጎጃም፣ አያቴ ቤት ነው። ጓሮው ውስጥ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ጌሾና ጥንጁት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ፣ ትንሽ ልቅጠፍ?» እያለ ይገባ ነበር። ያናደደኝ ነገር ጸሐፊው እንደ አያቴ ያሉ ሰዎችን ምስክር አድርገው እነሱ ከቶ የማይሉትን ማለታቸው ነው።

ቅጠል አይጎዳም ከሚለው ልጀምር። ይኼን አማርኛ ራሱ አይቀበልም። «መድኃኒት አበሉት» ሲባል ዳነ ብሎ የሚሰማ ሰው አለ? መረዙት ማለት ነው። «መድኃኒት ጠጣች» ከተባለ ጎረቤቱ የሚሮጠው ነፍሷን ለማትረፍ ነው። የአይጥ መድኃኒት እንላለን፣ የትኋን መድኃኒት እንላለን። የሚያድነውንም የሚገድለውንም በአንድ ስም የጠራ ሕዝብ ቅጠል እንደሚጎዳ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

አያቴ ቤት ኮሶ የሚጠጣበት ቀን እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። አበባው ተንዠርግጎ ይወርዳል። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አጎት ነበረኝ። «ኮሶ ታየኝ» (የሆድ ትሉን ማለቱ ነው) ብሎ ሲመጣ አያቴ የደረቀውን አበባ አውጥታ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ ማታውኑ ትዘፈዝፈዋለች። አጎቴ ጠዋት በባዶ ሆዱ አፍንጫውን ይዞ ጭልጥ ያደርገዋል። ከዚያ ትግሉ ይጀመራል። ያቅለሸልሸዋል። ካስመለሰው ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ሎሚ እያሸተተ ግቢውን ይዞራል። እኛ ልጆቹ ፊቱን እያየን እንስቃለን፤ «ፊቱን ኮሶ አስመሰለ» የሚባለውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ትሉ ከወጣ በኋላም ነገሩ አያልቅም። የትሉ ጭንቅላት ወጥቷል ወይስ አልወጣም ተብሎ ይታያል። ጭንቅላቱ ከቀረ መልሶ ያድጋላ።

የአያቴ ትልቁ ዕውቀት ግን ለማን አይሰጥም የሚለው ነበር። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ለአራስ አይሰጥም። ከበሽታ ገና ለተነሣ፣ አቅሙ ለደከመ አይሰጥም። ወር በወር አይደጋገምም። መጠኑን በዓይኗ ሳይሆን ሁልጊዜ በዚያችው አንዲት ስኒ ነበር የምትሰፍረው። «ዓይን ያጠፋል» ትል ነበር። ልጅ ሆኜ ማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ከመጠን ያለፈ ኮሶ ጠጥተው ዓይናቸው የተጎዳ ሕሙማን በሐኪሞች ተመዝግበው አገኘሁ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ይኼን ግን ታውቅ ነበር።

ጸሐፊው ኮሶን በሁለት መስመር አንስተው «ሆድ ያጸዳል፣ ጉዳት የለውም» ብለው አለፉ። መጠን የለም። ነፍሰ ጡር የሚል ቃል የለም። አያቴ ብትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄድባቸው ነበር።

ሌላም አለ። ጤና አዳም ለቡና አንዲት ቅንጣት ስትገባ ደስ ይላል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ውሎ ፀሐይ ሲያገኘው ግን እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ ያስቋጥራል። እንዶድ ልብስ ያነጣል፤ የጠጣውን ሰው ሊገድል ይችላል። አጤ ፋሪስ ሰው ያሳብዳል። ጓያን ደግሞ ማን ይረሳል? ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ይሞታል፣ ጓያ ይቆማል። ችግር የያዘው ገበሬ ወር ከወር እሱን ብቻ ሲበላ እግሩ ይሰናከላል። ያ ሽባነት አይድንም። ጓያ ውስጥ ማንም ፋብሪካ ምንም አልጨመረም።

ትግራይ ውስጥ ታሕታይ ቆራሮ የደረሰውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሰው ሆድ እየተነፋ፣ ጉበቱ እየታመመ፣ ብዙዎች ሞቱ። ምክንያቱ ለዓመታት ግራ አጋባ። በመጨረሻ ጣት የተቀሰረው ከእህሉ ጋር አብሮ በሚታጨድ አረም ላይ ነው። የአረሙ መርዝ ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ ቤት ይገባ ነበር። የተፈጥሮ ነው። ንጹሕ ነው። ከማሳው በቀጥታ ነው።

አባቶቻችን መቶ ዓመት ኖሩ የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። መቶ የሞላቸው ነበሩ፤ እኔም አንድ ሁለት አውቃለሁ። እነሱ የምናስታውሳቸው ስለተረፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ40 ዓመት በታች ነበር። ዛሬ ከ65 በላይ ነው። አያቴ ዘጠኝ ወልዳ አራቱን ቀብራለች። ጓሮው ያኔም ሙሉ ነበር።

አሁን ወደዚያች ሰማንያ። ይህች ቁጥር እኮ የማትሞት ፍጥረት ናት። ቢያንስ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ስትገለበጥ ኖራለች። መጀመሪያም የወጣችው ስለ ታዳጊ አገሮች በጅምላ በተነገረ ግምት ነው። ከዚያ ወዲህ የሕዝባችን ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ። በየወረዳው ጤና ጣቢያ ተሠራ። ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀበሌ ለቀበሌ ተሠማሩ። ሰማንያ ግን ንቅንቅ አላለችም። አንድም ከፍ፣ አንድም ዝቅ የለም።

እሺ፣ ሰማንያው እውነት ነው እንበል። ብዙ ሰው መጠቀሙ ግን ስለ መንገዱ ርቀትና ስለ ኪሱ ነው የሚነግረን። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ሲሆን፣ ወይም ደርሰህ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» ስትባል፣ ቅጠሉ ደጅህ ነው። ያ ቅጠል በሽታውን አዳነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ትዝ ይላችኋል? ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ዋጋቸው ጣሪያ ነካ። ሁላችንም ገዛን። እኔም ገዝቻለሁ፣ አልደብቅም። ሁላችንም መግዛታችን ግን ስለ ቫይረሱ ምንም አላረጋገጠም።

የቅጠሉ ነፍስ የሚለው ላይ የራሴን ገጠመኝ ላምጣ።

ባሕር ዳር ስሠራ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። ራሴን ፈለጠኝ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። አከራዬ እትዬ አንዴ አይተውኝ «ምች ነው፣ በልተህ ፀሐይ ወጥተሃል» አሉ። እውነትም ወጥቼ ነበር። (ባሕር ዳር ምሳ በልቶ ፀሐይ የማይወጣ ማን አለ?) ከአጥሩ ሥር ዳማከሴ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹት። አረንጓዴው እስኪወጣ ድረስ አሽተው በነጠላቸው ጫፍ ጨመቁት። ጠብታዎቹን ቡናዬ ውስጥ ጨመሩ። የቀረውን ግንባሬንና አፍንጫዬን ቀቡኝ። ሽታው ብቻ አእምሮ ይከፍታል። ተሸፋፍኜ ተኛሁ። ላብ በላብ ሆንኩ። ሲነጋ ቀለለኝ። «አላልኩህም?» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። እንደገና ዳማከሴ፣ እንደገና ላብ፣ እንደገና ቀለል። እንደገና «አላልኩህም?»። አራተኛው ቀን ላይ ቆሜ መሄድ ሲያቅተኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ጣቴን ወጉኝ። ወባ ነው።

የወባ ትኩሳት ጠባዩ ይኼው ነው። ይነሣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል፣ ይተዋል፤ ከዚያ ደግሞ ይመጣል። በተወ ቁጥር ምስጋናውን ለዳማከሴው ሰጠን። ዳማከሴው ምንም አላጠፋም። እትዬም ከልባቸው ነው። እኛ ግን አራት ቀን ሰጠነው፤ ክፉው የወባ ዓይነት ቢሆን አራት ቀን ሰው ይገድላል። ሕፃን ቢሆን ደግሞ አላወራውም።

የተሰጠኝ ኮአርተም ነው። አራት አራት ፍሬ፣ በቀን ሁለቴ፣ ለሦስት ቀን፤ ሃያ አራት ፍሬ። ጸሐፊው ነፍሱ የወጣ ኬሚካል ከሚሉት ውስጥ ነው። ከየት መጣ? ዋናው ንጥረ ነገሩ ከቅጠል። የቻይና አርቲ ልበለው፤ ከእኛ አርቲና ጭቁኝ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 የቻይና መንግሥት ለወባ መድኃኒት የሚፈልግ ምሥጢራዊ ሥራ ጀመረ። ቱ ዮዮ የተባለች ሳይንቲስት የጥንት የመድኃኒት መጻሕፍት እያገላበጠች በሺህ የሚቆጠር ቅመማ ሰበሰበች። ይህን ቅጠል ቀቅለው ሲሞክሩት አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ከዚያ 1,600 ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ጽሑፍ ላይ ዓይኗ አረፈ። አንድ እፍኝ ቅጠል ውኃ ውስጥ ንከር፣ ጨምቀህ ጠጣ ይላል። ቀቅል አይልም። ለካ ሙቀቱ ነው የሚያበላሸው! በአነስተኛ ሙቀት አወጣችው፣ ሠራ። ሕሙማን ላይ ከመሞከሩ በፊት እሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ጠጡት። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች።

ይኼን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር እትዬ ትዝ ይሉኛል። እሳቸውም ዳማከሴውን አልቀቀሉትም። አሽተው ጨመቁት። ማን አስተማራቸው? እናታቸው። እናታቸውንስ? እዚህ ላይ ጸሐፊውና እኔ ብንስማማ እንዴት ደስ ባለኝ። በእናቶቻችን እጅ ያለው አያያዝ መመርመር ያለበት ዕውቀት ነው። ቱ ዮዮ የድሮውን መጽሐፍ አልናቀችም። ግን ደግሞ አምናው ብቻ አልተቀመጠችም። ሞከረችው።

ነፍሱ ወጣ የሚሉት ነገር መጠኑ መታወቁ ነው። አንድ ተክል ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው፣ ከክረምት ወደ በጋ፣ ውስጡ ያለው ነገር ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የዛሬው ሻይ የትናንቱ አይደለም። ወባ ላይ ይኼ ቀልድ አይደለም፤ መጠኑ ያነሰ ሲሆን የማይሞተው ተሐዋሲ ይተርፋል፣ የተረፈው መድኃኒቱን ይለምዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የዚህን ቅጠል ሻይ ለወባ የማይደግፈው ለዚህ ነው። መድኃኒቱን የመላመድ ምልክት ደግሞ በእኛው ቀጣና በምሥራቅ አፍሪካ ታይቷል።

እንዶድ ላይ ስደርስ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሙሉውን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶ/ር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ ሲያጠና ዓድዋ ነበር። የቢልሃርዚያ ተሐዋሲ ሰው ቆዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወንዝ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆሞ አንድ ነገር አየ። ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ከላይ ያሉት ደህና ናቸው። ያ ወንዝ ዳር ስንት ሺህ ሰው ቆሞ ያውቃል? ልብ ያለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመታት የፈጀ ሙከራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ስርቆት የተባለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የሚባል ቅርፊታም ፍጥረት የውኃ ቧንቧ እየደፈነ አስቸገረ። እንዶድ እሱንም እንደሚገድል ኦሃዮ ባለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ታየ፣ ዩኒቨርሲቲውም የባለቤትነት መብት አወጣበት። የአገሬው ሰው ለዘመናት ሲጠቀምበት በኖረ ተክል መብቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ተነሣ፣ ተገቢም ነበር። ከመብቱ ፈጣሪዎች አንዱ ሆኖ የተመዘገበው ግን ራሱ አክሊሉ ነው። ይኼን ጸሐፊው አልነገሩንም። ሌላም አልነገሩንም። እንዶዱ ዛሬም እዚህ አጥራችን ላይ አለ። ማንም ነቅሎ አልወሰደውም። ቀንድ አውጣውም ወንዛችን ውስጥ አለ። በየቢልሃርዚያው ቀበሌ እንዶድ ተክለን ወንዙን እንዳንይዝ ኦሃዮ አልከለከለንም። በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ዓመታት የፈጀ የ«እንዶዱ ጉዳት እንደሌለው አስመስክሩ» ምልልስ እንደነበረ አውቃለሁ፤ የሚያስቆጭም ነው። ግን እኛ ራሳችን እንዶድን ያስታወስነው ሽልማት ሲመጣና መብት ሲወጣበት ብቻ ነው። በመሃሉ ሳሙና ገዛን።

ለተክል ያለን ልዩ ፍቅር ደግሞ ገበያ ላይ ይታያል። አንድ ቅዳሜ ቀበርቾ የሚሸጡ እናት ፊት ቁጭ ብዬ ነበር። ቀበርቾ ከዓለም ሁሉ የሚበቅለው እዚሁ አገር ብቻ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ እንኳ «ቀበርቾ» የሚለው የእኛው ቃል አለ። የሚሸጠው ሥሩ ነው፤ ቤት ይታጠንበታል። ቅጠል ብትቀጥፍ ተክሉ ያቆጠቁጣል። ሥሩን ከነቀልክ ግን አበቃ። «ከየት ነው የሚመጣው?» አልኳቸው። ድሮ ከሰፈራቸው በላይ ካለው ተራራ እንደነበር፣ አሁን ግን ከሩቅ እንደሚመጣላቸው ነገሩኝ። «እዚያኛውስ?» ስላቸው እጃቸውን አራገፉ። ጨርሰነዋል ማለታቸው ነው። የኮሶ ዛፍም ያው ነው። እንጨቱ ለሣንቃ ስለሚፈለግ ተቆርጦ ተቆርጦ በስንት ደጋ ላይ ብርቅ ሆኗል።

ቀበርቾ የሚተክል ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ወደ ቅጠላችን እንመለስ የሚሉት ጸሐፊ የት ሄደን እንደምናገኘው ቢነግሩን ጥሩ ነበር። ደግሞ የድሮ አዋቂዎች ሥር ሲምሱ ቀን ነበራቸው፣ ሰዓት ነበራቸው፣ በዝምታ ነበር የሚሄዱት። አጉል እምነት በሉት። ግን በየቀኑ በማዳበሪያ አይጭኑም ነበር።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ጽሑፉ ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ ስኳርን «ከሥሩ ይነቅላሉ»፣ ስለዚህ ኪኒኑን ተዉ ይላል። አክስቴ የምትወስደው ሜትፎርሚን ነው። ደወልኩላት።

«ትተሽዋል እንዴ?»

«ኧረ ገና ሦስት ቀኔ ነው። ሽፈራው ጀምሬያለሁ። ኬሚካል ሰለቸኝ።»

ሜትፎርሚን ከየት እንደመጣ ነገርኳት። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ የሚባል ተክል አለ። ድሮ አዋቂዎች ውኃ ጥም ለሚያሠቃየው፣ ሽንት ለሚያመላልሰው ሰው ይሰጡት ነበር። ውስጡ ያለው ነገር ስኳር ይቀንሳል፣ ግን መርዛማ ነው። ኬሚስቶች ዘመዱን፣ ያን ያህል የማይመርዘውን፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ሠሩ። በ1957 ፈረንሳይ ውስጥ ለስኳር ሕሙማን ተሰጠ። ሽፈራው የኮንሶ ምግብ ነው፤ ጎመን ነው፣ ጥሩ ጎመን። ብዪው፣ ለሐኪምሽም ንገሪ፣ ኪኒኑን ግን አትተዪ አልኳት።

«እና ኪኒኑም ቅጠል ነበር ነው የምትለኝ?»

«የቅጠል ልጅ።»

ዝም አለች። ከዚያ «እሺ፣ ማታ እውጠዋለሁ» አለች። ስኳሯን ስትለካ 260 ሆኖ ነበርና እሺ ያሰኛት የእኔ ታሪክ ይሁን ቁጥሩ አላወቅሁም።

አንድ ትንሽ ነገር ቀርታኛለች። ከጽሑፉ ራስ ላይ «ዳማከሴ፣ የምች ፍቱን መድኃኒት» የሚል ፎቶ አለ። አጉልቼ አየሁት። የዳማከሴ ቅጠል ሰፋ ያለ ነው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙም ጥርስ የሌለው ነው። በሶብላ ነው። ዘመዳሞች ስለሆኑ ሊያሳስት ይችላል። ለበርበሬና ለሽሮ ይሆናል።